የተቧጨረ ስኪ፦ ምን ከምን ጋር ይጣበቃል?

በአልፕስ ተራሮች የስኪ ወቅት ሲከፈት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በረዶው ገና ስስ ነው፤ ድንጋዩ ከሥሩ ብዙም አልራቀም። በዚህም ምክንያት ለመንሸራተት የቸኮለ ሰው ማታ የሚመለሰው የስኪውን የታች ገጽ አስቧጭሮ ነው። ለትምህርት በዚያ አካባቢ ሳለሁ በተዋስኩት ስኪ ላይ ይኸው ደርሶብኝ ነበር። ቤት ውስጥ ያደረግሁት ጥገና በማግሥቱ ተላቆ ወደቀ። ምክንያቱ ፊዚክስ ነው።

የስኪው የታች ገጽ ፖሊኢትሊን ነው፤ ከጀሪካን ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ በጥሩ ስኪዎች ላይ ያለው ዓይነት የሞለኪውሎቹ ሰንሰለት እጅግ ረጅም ስለሆነ፣ ከ130 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥቂት ከፍ ሲል ቢቀልጥም እንደ ፈሳሽ አይወርድም። የተሰነጠቀ ጀሪካን በሙጫ ለመጠገን የሞከረ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ፖሊኢትሊን ሙጫ አይቀበልም። ሞለኪውሎቹ የኤሌክትሪክ ዋልታ የላቸውምና ሙጫው የሚይዝበት ያጣል። በደንብ የሚይዘው የቀለጠ የራሱን ወገን ነው።

ስለሆነም ጠጋኙ በቀላሉ የሚፈስ የፖሊኢትሊን ዘንግ እንደ ሻማ ለኩሶ ጠብታውን በጭረቱ ውስጥ ይሞላል። አስቀድሞ አሮጌው ሰምና ቆሻሻው መጽዳት፣ የተንጠለጠለው ቁራጭም በስለት መቆረጥ አለበት። ነበልባሉ ትንሽና ሰማያዊ ይሁን፤ ቢጫ ሲሆን ጥላሸት ይፈጥራል፤ ጥላሸቱም ከጠብታው ጋር ገብቶ ጥገናውን ያዳክማል። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ጭረቱን ትርፍ አድርጎ መሙላት፣ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላም በብረት መፋቂያ ቀስ በቀስ ማስተካከል ያስፈልጋል። መስኮት ይከፈት፤ ጠብታው ቆዳ ላይ ካረፈ ክፉኛ ያቃጥላል።

ጭረቱ ጠልቆ እንጨቱ ወይም የመስታወት ክሩ ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእኔም ስሕተት እዚህ ላይ ነበር፤ ፖሊኢትሊን ከእንጨትም ሆነ ከብረት ጋር አይጣበቅም። ሁለቱንም የሚይዝ ልዩ መሙያ ወይም ኢፖክሲ ያስፈልጋል። ጉዳቱ ከብረት ጠርዙ አጠገብ ከሆነ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል፤ ውኃ ገብቶ እንጨቱን ካሳበጠና ጠርዙን ካዛገ፣ ጠርዙ በቁልቁለት ላይ ሊገነጠል ይችላል።

ድንጋይ የመታው ጠርዝ በዚያ ነጥብ ላይ ከቀድሞው ይጠነክራል፤ ሞረድ ይንሸራተትበታል። አስቀድሞ በአልማዝ መሳያ ማለስለስ፣ ከዚያ መሞረድ ነው።

በመጨረሻ ሰም ይቀባል። እ.ኤ.አ. በ1939 ባውደንና ህዩዝ፣ ስዊዘርላንድ ዩንግፍራውዮኽ ላይ ካደረጉት ሙከራ በመነሣት፣ የሰበቃ ሙቀት በረዶውን አቅልጦ ስስ የውኃ ንጣፍ እንደሚፈጥር አስረድተዋል። የንጣፉ ውፍረትና ሚና ዛሬም ያከራክራል፤ ሰሙ ውኃ የማይቀበል መሆኑ ግን ይጠቅማል። ካውያው አንድ ቦታ ላይ አይቁም፤ ሰሙ ከጨሰ ሙቀቱ በዝቷል። ከቀዘቀዘም በኋላ ትርፉ በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሣል።