ድሮን፣ ውኃና ኖራ፦ እጅ የማይደርስባቸውን ግንባታዎች ስለ ማጽዳት



እንደ እኔ ጉንደ ወይን ላደገ ሰው ድልድይ ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው ሰባራ ድልድይ ነው። ከሞጣ ወደ ደቡብ ጎንደር በሚያሻግረው ጥንታዊ መንገድ ላይ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ ተሠራ፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ፈረሰ፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት መንገደኛው በገመድ እየተጎተተ ዓባይን ተሻገረበት። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውና 303 ሜትር የሚረዝመው የኮንክሪት ድልድይ አለ። ሁለቱም ጽዳት ይሻሉ፤ አቧራ፣ የድንጋይ ሽበትና በስንጥቅ የበቀለ ቡቃያ ርጥበትን ይይዛሉ፣ ጉዳትንም ይሸፍናሉና። ታዲያ ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሠራውን ይህን ሥራ ድሮን ቢሠራውስ?

በሌሎች አገሮች ለሕንፃ እጥበት የሚያገለግሉት ድሮኖች አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ተሸክመው አይበሩም። ታንከሩና ፓምፑ መሬት ላይ ይቀራሉ፤ ድሮኑ የቱቦውን ጫፍ ይዞ ይወጣል። ሆኖም የውስጥ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ 60 ሜትር ሲዘረጋ፣ በውስጡ ያለው ውኃ ብቻ 7 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በደቂቃ 8 ሊትር በ100 ባር ግፊት ቢረጭ ደግሞ፣ ድሮኑ የ2 ኪሎ ግራም ክብደት በሚያህል ኃይል ወደ ኋላ ይገፋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ድሮን የሚነሣው አየርን ወደ ታች በመግፋት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለምሳሌ በባሕር ጠለል በጠቅላላው 40 ኪሎ ግራም ማንሣት የሚችል ድሮን እዚህ 32 ብቻ ያነሣል። አካሉና ባትሪው 28 ኪሎ ግራም ከሆኑ፣ ለጭነት የሚተርፈው ከ12 ወደ 4 ይወርዳል፤ ቀደም ብለን ያሰላነውን ቱቦ እንኳ መሸከም አይችልም። የዓባይ ሸለቆ ዝቅ ያለ በመሆኑ ችግሩ በዚያ ይቀላል፤ 209 ሜትር ከፍታ ያለውን የአዲስ አበባውን የንግድ ባንክ ሕንፃ ለማጠብ የሚያስብ ግን ይህን ስሌት መዝለል አይችልም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጉዳይ የሚታጠበው ነገር ጠባይ ነው። ጤነኛ ኮንክሪት የውኃ ግፊትን ይችላል። አሮጌ ኖራ ግን ለስላሳ ነው፤ ብርቱ ግፊት ከድንጋዮቹ መካከል ጠርጎ ያወጣውና ለክረምቱ ዝናብ በር ይከፍታል። ንጹሕ መስሎ የሚታየው ግንብ በዚያው ዕለት መፍረስ ጀምሯል ማለት ነው። ስለዚህ ለጥንታዊ ድልድይ ድሮኑ ካሜራ ይዞ ይመልከት፤ ጽዳቱ ግን በለስላሳ ብሩሽና በባለሙያ እጅ ይሁን።

በመጨረሻም፣ በዚህ ዘመን በጎጃም «ድሮን» የሚለው ቃል በሰው ልብ ውስጥ ምን እንደሚቀሰቅስ ታውቃላችሁ። ከመንግሥት ፈቃድ በተጨማሪ የአካባቢውን ሕዝብ አስቀድሞ ማስረዳትና ይሁንታውን ማግኘት የሥራው አካል እንጂ ትርፍ ጨዋነት አይደለም። መሐንዲስ ሆይ፣ መሣሪያው ምን እንደሚችል ከመጠየቅህ በፊት ግንቡ ምን እንደሚችል፣ ከግንቡም ሥር የሚኖረው ሰው ምን እንደሚሰማው ጠይቅ።