ሳይቃጠል በቅጠል፦ ልጅ ከትምህርት ከመቅረቱ በፊት ቤቱን እናንኳኳ

በዚህ እትም ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ልጅ ያለውንም የሌለውንም የሚነካ ነው። በየብሎካችን ትምህርቱን አቋርጦ የተቀመጠ ስንት ልጅ እንዳለ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ቢቆጠር ያስደነግጣል።

አንድ ልጅ ትምህርት አቋረጠ ሲባል፣ ለብዙ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ «በቃኝ» ያለ ይመስለዋል። የመምህር ስም መጥሪያ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። መጀመሪያ አንድ ሰኞ ይቀራል። ከዚያ ራሽን በሚታደልበት ቀን ይቀራል። ቀጥሎ ይመጣል፣ ግን አርፍዶ ነው። የቤት ሥራ ሲጠየቅ «ደብተሬ አልቋል» ይላል። ከፊት ይቀመጥ የነበረው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከጓደኞቹ ጋር መጫወትም ይተዋል። ወንበሩ ባዶ የሚሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ሰኞ እስከ ባዶው ወንበር ድረስ ሳምንታት አሉ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። እሳቱ ገና በቅጠል ሲጠፋ ዝም ብለን፣ ቤቱን ሲይዘው ባልዲ ፍለጋ መሮጥ አይበጀንም።

ሞያሌ ምን አሳየችን?

ሞያሌ በሁለት አገር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሁከት በተነሳ ቁጥር ሰው ከወዲያ ወደዚህ ይሻገራል፤ ልጆችም ደብተራቸውን ጥለው አብረው ይሻገራሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ደርግ በወደቀበት በ1991 ተሻግረው ዋልዳ ካምፕ የገቡት ስደተኞች፣ ካምፑ በ1993 ሲዘጋ ወደ ካኩማና ወደ ሌሎች ካምፖች ተዛወሩ። በጁላይ 2012 በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ በቦረናና በገሪ መካከል ግጭት ተነስቶ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ወደ ኬንያ ገባ። በማርች 2018 ደግሞ ወታደሮች በሰላማዊ ሰዎች ላይ ተኩሰው ሰው ከገደሉ በኋላ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ድንበሩን አልፎ በሶማሬ፣ በሰሲ፣ በደምበላ ፋጫናና በሌሎችም ቦታዎች ተጠለለ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሁኔታው ሲረጋጋ ብዙዎቹ ተመልሰዋል።

እስቲ የዚያን ጊዜ ልጅ አስቡት። በኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ ያልቃል። በኬንያ ጃንዋሪ ላይ ይጀምራል። በማርች የተሻገረ ልጅ የአገሩን ዓመት ሳይጨርስ ነው የወጣው፤ እዚህ ሲደርስ ደግሞ የመጀመሪያው ተርም ሊያልቅ ነው። በሁለቱም በኩል ዓመቱ ተበላ ማለት ነው። በዚህ ላይ ቋንቋው አለ። በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ሲማር የነበረ ልጅ በኪስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ይቀበለዋል። ቁቤ የተማረው ቢያንስ የላቲን ፊደሉን ያውቀዋል። በእኛው ፊደል ብቻ የተማረው ግን ከፊደል ቆጠራ ይጀምራል። እንዲህ ያለው ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ ተሸክሞት የመጣው ሸክም ነው የከበደው።

ችግሩ የሞያሌ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ካሉ ስደተኛ ልጆች ከ100ው 63ቱ አንደኛ ደረጃ ሲማሩ፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት ግን 24 ብቻ ነበሩ። ልጆቻችን በብዛት የሚጠፉት በመካከሉ ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ ተመራማሪዎች ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን በ2007 አሳትመዋል። የትኛው ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ እንደሚቀር ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የሚያሳዩ አራት ምልክቶች አገኙ፦ ከአምስት የትምህርት ቀን ከአንድ በላይ መቅረት፣ ሂሳብ መውደቅ፣ የቋንቋ ትምህርት መውደቅ፣ የጠባይ መበላሸት። ከአራቱ አንዱን እንኳ ካሳዩት ልጆች አብዛኞቹ ትምህርታቸውን በጊዜው አልጨረሱም።

እነዚህን መምህሩ ያያቸዋል። እናንተ ግን መምህሩ የማያየውን ታያላችሁ። በትምህርት ሰዓት ጄሪካን ይዛ ውኃ የተሰለፈችውን ልጅ የምታየው ጎረቤቷ ናት። ልጁ ከቦዳ ቦዳ ነጂዎች ጋር መዋል መጀመሩን፣ ጫት እየተላከ መሆኑን፣ ሌሊት እየባነነ መጮሁን ግድግዳ የሚጋራችሁ ሰው ያውቃል። ለአንዲት ልጅ ሽማግሌ እየተላከ መሆኑም መጀመሪያ የሚሰማው ቡና ላይ ነው። ስለዚህ የመምህሩ መዝገብና የጎረቤት ዓይን አንድ ላይ ካልመጡ ነገሩ አይታወቅም።

ከምልክቱ ጀርባ

ምልክቱ አንድ ቢሆንም ምክንያቱ ከቤት ቤት ይለያያል። «አጥና፣ በርታ» ብሎ መምከር ብቻውን የማይረዳው ለዚህ ነው። በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ ውስጥ በ75 ትምህርት ቤቶች ከ1998 ጀምሮ ለልጆች የሆድ ትላትል መድኃኒት ሲሰጥ፣ ከትምህርት መቅረት በአንድ አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች በ2004 ጽፈዋል። ልጆቹ ስንፍና ሳይሆን ሆዳቸውን አሟቸው ኖሯል! ስለዚህ ከመፍረድ በፊት መጠየቅ ይቀድማል።

በእኛ ዘንድ ደጋግሜ ያየኋቸው ምክንያቶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው የክፍል ደረጃ ነው። አገሩ ሰባተኛ የነበረ ልጅ በቋንቋው ምክንያት አራተኛ ክፍል ይገባል። ቁመቱ ከሁሉ ይበልጣል፣ የሚያነበው ግን ከሁሉ ያነሰ ነው። ሲስቁበት ዝም ይላል፣ ከዚያ ይቀራል። ይህ ልጅ የሚፈልገው የቋንቋ እርዳታና ክብሩን የሚጠብቅለት ሰው ነው።

ሁለተኛው ኑሮ ነው። በ2025 በካኩማና በዳዳብ ራሽን ክፉኛ ሲቀነስ የደረሰውን ያየ ያውቀዋል። ቤት ሲጎድል ትልቁ ልጅ ወደ ሥራ፣ ትልቋ ልጅ ደግሞ ታናናሾቿን ወደ መጠበቅ ይዞራሉ። ወላጅ ጨክኖ አይደለም፣ ቸግሮት ነው።

ሦስተኛው «ፕሮሰስ» ነው። «ፕሮሰሳችን ሊያልቅ ነው፣ እዚያ ሄዶ ይማራል» የሚለው ቃል ስንቱን ልጅ ቤት አስቀረ! ጉዳያችን መቼ እንደሚያልቅ ማናችንም አናውቅም። በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ ስደተኛ መቀበሏን ስታቆም ጉዟቸው የቀረባቸውን አስታውሱ። ልጅ የተማረው ትምህርት በየትኛውም አገር ይጠቅመዋል፤ በመጠበቅ ያለፈ ዓመት ግን አይመለስም።

አራተኛው ያዩት ነገር ነው። ተኩስ የሰማ፣ አባቱን ወይም ወንድሙን ያጣ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። አንዳንዱ ይደባደባል፣ አንዳንዱ ያፈጣል። «ባለጌ» ከማለት በፊት ምን እንዳሳለፈ መጠየቅ ይገባል።

መላው በእጃችን ነው

ይህን ለማድረግ አዲስ ድርጅት መጠበቅ አያስፈልገንም። ቦረናዎች ቡሳ ጎኖፋ የሚሉት የቆየ ሥርዓት አላቸው። አንድ ቤተሰብ በድርቅ ወይም በዘረፋ ከብቱን ሲያጣ ወደ ጎሳው ይሄዳል። ጎሳው ተሰብስቦ ምን እንደደረሰበት ያጣራል፣ ከዚያ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ከብት ያዋጣና ቤቱ እንደገና ይቆማል። ሰውየው ለማኝ አይባልም፤ ነገ ለሌላው የሚያዋጣው እሱ ነውና። እኛም እድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል፣ ንፍሮ ለመቀቀል አንድ ሰዓት አይፈጅብንም። ታዲያ ለሞተ የምንሰበሰበውን ያህል ከትምህርቱ ሊወድቅ ላለ ልጅ ብንሰበሰብ ምን ይለናል?

እንዴት እንጀምር?

1. በየብሎኩ አራት ወይም አምስት ሰው ይመረጥ። አንድ መምህር፣ ሁለት እናቶች፣ አንድ የሚከበሩ ሽማግሌ፣ አንድ ትምህርቱን የገፋ ወጣት በቂ ነው። ቢቻል የብሎኩን ቋንቋዎች ሁሉ የሚናገር ሰው ይኑርበት። ልጆችን በመጉዳት የሚጠረጠር ሰው ፈጽሞ አይግባ።

2. መምህሩ በየዓርቡ በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ቀን የቀሩትን ልጆች ስም ለኮሚቴው ይስጥ። ዝርዝሩ በግድግዳ ላይ አይለጠፍ፣ በስብሰባም አይነበብ። ልጅን በአደባባይ ማሳፈር ከትምህርት የበለጠ ያርቀዋል።

3. በዚያው ሳምንት ሁለት ሰው ወደ ቤቱ ይሂድ። በአነጋገር ላይ እንጠንቀቅ። «ልጅሽ ለምን ይቀራል?» ብለው የገቡ ሰዎች በሩ ይዘጋባቸዋል። «ልጁን ሦስት ቀን አጣነውና ደህና ነው ወይ ብለን ነው የመጣን» ያሉት ግን ቡና ይፈላላቸዋል። ብዙ ጊዜ እውነተኛው ምክንያት የሚወጣው ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው። ልጁንም ለብቻው ጠይቁት።

4. አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ተስማሙ። ለምሳሌ ውኃ የምትቀዳዋ ልጅ ከሆነች፣ ጎረቤት ጠዋት ጄሪካኑን ይውሰድላት። ደብተር ከሆነ ደብተር ይገዛ። ቋንቋ ከሆነ ወጣቱ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ያስጠናው። ኪስዋሂሊ ለእኛ ልጆች የሚመስለንን ያህል ባዕድ አይደለም። «ሳአ» ሰዓት፣ «ሳባ» ሰባት፣ «ዳሙ» ደም፣ «ሳቡኒ» ሳሙና፣ «ሱካሪ» ስኳር ነው። ሰዓት አቆጣጠሩም እንደኛው ነው፤ ጠዋት «ሳአ ምቢሊ» ሲሉ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው። ልጁ ከሚያውቀው ሲጀምር ደፍሮ ይናገራል።

5. ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። መጀመሪያ ሄዶ መጥፋት ካለመሄድ አይሻልም። ልጁ ከመጣ አመስግኑት፣ ካልመጣ የተስማማችሁበት ነገር አልሠራም ማለት ነውና ሌላ ፈልጉ።

ከጎረቤት አቅም በላይ ሲሆን

አንዳንዱ ነገር በቡና አይፈታም። ልጅ እየተደበደበ፣ እየተደፈረ ወይም ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ከሆነ በሽምግልና መሸፋፈን ወንጀሉን መርዳት ነው። በዚያው ቀን ለካምፑ የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞች ወይም ለፖሊስ መነገር አለበት። የሰማችሁትንም ለሌላ ሰው አታውሩ፤ የልጅ ምስጢር የቡና ወሬ መሆን የለበትም።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት ለማንኛውም ልጅ ነፃና ግዴታ የሆነ መሠረታዊ ትምህርት ይሰጣል። ዕድሜዋ 18 ያልሞላ ልጅ መዳር የተከለከለ ነው፤ ግርዛትም በ2011 በወጣ ሕግ ወንጀል ሆኗል። በ2013 የወጣው የትምህርት ሕግ ተማሪን መግረፍ ይከለክላል። ያረገዘች ወይም የወለደች ተማሪም «አበቃላት» አትባልም። በኬንያ ከ1994 ጀምሮ ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ የሚፈቅድ መመሪያ አለ፣ በ2020ም ታድሷል። ይህን የማያውቁ ስንት እናቶች ልጃቸውን ደብቀው አስቀምጠዋል! እባካችሁ ንገሯቸው።

ውድ ወላጆች፣ መምህራንም ሆነ ድርጅት ብቻቸውን ይህን ሊወጡት አይችሉም። እናንተም ብቻችሁን አትችሉትም፣ አይጠበቅባችሁምም። የልጃችሁ ነገር ሲከብዳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። መናገር ውርደት አይደለም። ጎረቤቶችም ነገ ጠዋት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፉ በራችሁ ላይ ቆም በሉና ተመልከቱ። ትናንት አልፎ ዛሬ ያላለፈው የማን ልጅ ነው? ማታ ወደዚያ ቤት ጎራ በሉ፣ «ደህና ናችሁ ወይ?» በሉ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ በሚቀጥለው ተርም መጀመሪያ ላይ ወንበሮቻችን ሞልተው ለመገናኘት ያብቃን። ሰላም ሁኑ።