የዋጋ ሠንጠረዥ በተራ ጽሑፍ ሲላክ

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው በቀጨኔ ሰፈር የሸክላ ሥራ ከቆየ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሙያ ነው። ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱና ማሰሮው አብዛኛውን ጊዜ በሴቶች እጅ እየተሠራ ለገበያ ይቀርባል። በዛሬው ጊዜ ግን ገዢው በመርካቶም ይሁን በባሕር ማዶ፣ ከዕቃው አስቀድሞ የሚደርሰው የዋጋ ዝርዝሩ ነው።

ይህ ዝርዝር የሚጻፈው ሁልጊዜ በሠንጠረዥ መሥሪያ ፕሮግራም አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንደ ኖትፓድ ባለ ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ወይም በስልክ መልእክት ላይ ነው። በእነዚህም መሥመር ማስመርም ሆነ ሁለት ሳጥኖችን አዋሕዶ የጋራ ርእስ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ ጸሓፊው የባዶ ቦታ መምቻውን እየደጋገመ በመምታት ዐምዶቹን ያስተካክላል። በእርሱ ዘንድ ቀጥ ብሎ የታየው ዐምድ ግን በገዢው ስልክ ላይ ተዛንፎ ይገኛል።

ምክንያቱ የፊደሎቻችን ስፋት ነው። «ጨ» እና «ሠ» ሰፊ ሲሆኑ «ነ» እና «ተ» ጠባብ ናቸው። ለላቲን ፊደል እኩል ስፋት እንዲኖራቸው የተሠሩት የፊደል ቅርጾች አብዛኞቹ የአማርኛ ፊደል ስለሌላቸው፣ መሣሪያው ከሌላ ቅርጽ ይዋሳል፤ የተዋሰውም ከስልክ ስልክ ይለያያል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ ፊደሉ ራሱ ሳይበላሽ ይደርሳል፤ በፊደሎቹ መካከል ያለው ርቀት ግን ዋስትና የለውም።

ጉዳቱ የመልክ ብቻ አይደለም። አንዲት ሻጭ በዝርዝሯ ላይ መጀመሪያ የችርቻሮ፣ ቀጥሎ የጅምላ ዋጋ አሰናዳች እንበል። ትልቁ ጀበና በችርቻሮ ስለማይሸጥ ቦታውን ባዶ ተወችው። ዝርዝሩ ሲደርስ የጅምላው ዋጋ ወደ ግራ ተንሸራትቶ ከችርቻሮው ሥር ይቆማል። ገዢውም የችርቻሮ ዋጋ መስሎት 200 ጀበና ያዝዝና የጅምላ ቅናሽ ይጠብቃል። የጠበቀው ቅናሽ በአንድ ጀበና 30 ብር ቢሆን 6,000 ብር የሚያከራክር ነገር ተፈጠረ ማለት ነው።

መፍትሔው ሠንጠረዡን ማስዋብ ሳይሆን ማፍረስ ነው። «ጀበና» የሚል ርእስ፣ በሥሩ ሦስት መጠኖች፣ በእያንዳንዱም መጠን ሥር ሁለት ዋጋዎች ያሉት ሠንጠረዥ ለዐይን ቢያምርም ለተራ ጽሑፍ አይመችም። በዚህ ፈንታ በአንድ መሥመር አንድ ዋጋ ብቻ ይጻፋል፤ የዕቃውም ስም በየመሥመሩ ይደገማል።

ጀበና | መካከለኛ | ችርቻሮ | 210
ጀበና | መካከለኛ | ጅምላ | 180
ጀበና | ትልቅ | ችርቻሮ | የለም
ጀበና | ትልቅ | ጅምላ | 300

ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ወረቀት ግን አይፈጅም። ባዶ የሚቀር ቦታ ስለማይኖር የሚንሸራተት ዋጋ የለም። በነጋዴዎች ዘንድ የተለመደው «እንደ ላይኛው» የሚለው ምልክትም መቅረት አለበት፤ መሥመሮቹ በዋጋ ቅደም ተከተል እንደ ገና ሲደረደሩ የላይኛው የትኛው እንደ ነበረ አይታወቅምና። ረጅም ማብራሪያ ሲኖር በመሥመሩ ላይ ቁጥር ብቻ አኑሮ ማብራሪያውን ከዝርዝሩ ግርጌ መጻፍ ይሻላል።

ስለ መለያው ምልክት ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ብዙ ፕሮግራሞች ዐምዶችን በአውሮፓው ነጠላ ሠረዝ (,) ይለያሉ። ይኸው ምልክት ግን በ1,250 ውስጥ ሺሕን ለመለየት ስለሚገባ አንዱን ዋጋ ለሁለት ይከፍለዋል። የእኛው ነጠላ ሠረዝ (፣) ደግሞ ሌላ ምልክት በመሆኑ፣ ካልተነገረው በቀር ፕሮግራሙ በመለያነት አያውቀውም። ስለዚህ ቀጥ ያለውን መሥመር ወይም የታብን ቁልፍ መጠቀም፣ ዋጋውንም 1250 ብሎ ያለ ሠረዝ መጻፍ ይመረጣል። ታብ ቢሆንም ለመለያነት እንጂ ለማስተካከያነት አይታመን፤ እርምጃው በየመሣሪያው የተለያየ ነው።

ገዢው ጽሑፉን በኤክሴል ሲከፍት አማርኛው ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ከታየው፣ ላኪው ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ከነመነሻ ምልክቱ አስቀምጦ እንደ ገና ይላክለት። ይህ ምርጫ በኖትፓድ የማስቀመጫ መስኮት ላይ ይገኛል። በ09 የሚጀምር የስልክ ቁጥርም በኤክሴል እንደ ተራ ቁጥር ከተነበበ የፊተኛውን ዜሮ ያጣል፤ ስለዚህ ዐምዱ ጽሑፍ ነው ተብሎ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ከሁሉ ይልቅ የማስረከቢያ ቀን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ለማለት 5/13/2016 ተብሎ ቢጻፍ፣ በአሜሪካ አቈጣጠር የተዘጋጀ ኮምፒዩተር ሜይ 13 ብሎ ያነበዋል፤ ስሕተት መኖሩንም አያስታውቅም። የወሩን ስም በፊደል፣ ዓመተ ምሕረቱንም የኢትዮጵያ ወይም የአውሮፓ መሆኑን ገልጾ መጻፍ ይገባል።

የሠንጠረዡን መልክ ማየት ለሚሻ ደንበኛ ፎቶግራፉን ጨምሮ መላክ ይቻላል። ከፎቶግራፉ ላይ ግን ዋጋ መደመርም ሆነ መገልበጥ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ የጽሑፉ ዝርዝር አብሮት ይሂድ።