ጥሩ ጸሐፊ ለመሆን ከየት እንጀምር?

ውድ ተማሪዎች፣ አንዳንዶቻችሁ «ጸሐፊ መሆን እፈልጋለሁ፤ ግን ከየት ልጀምር?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔም የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሳልጨርስ የተሰደድኩ ስለሆንኩ የማውቀው ጥቂት ነው። ያችኑ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ያያችሁትን ጻፉ። አንድ ተማሪ «የስደት ኑሮ እጅግ መራራ ነው» ብሎ ጀመረና ገጹን በዚሁ ዓይነት ቃል ሞላው። «መራራነቱን ያየኸው የትኛው ቀን ነው?» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና እንደገና ጻፈ፦ «ቧንቧው የደረቀ ዕለት እናቴ ከንጋት ጀምራ ተሰልፋ ዋለች። ማታ ባዶውን ጀሪካን ይዛ ተመለሰች። እንግዳ እንደሚመጣ ሁሉ ጀበናዋን ወልውላ አስቀመጠች።» በፈቃዱ ለክፍሉ አነበብኩት። «መራራ» የሚለው ቃል አልነበረበትም፤ ክፍሉ ግን ጸጥ አለ።

ሁለተኛ፣ ዓረፍተ ነገራችሁን አሳጥሩ። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ» እያልን ስናስረዝመው ማን ምን እንዳደረገ ለአንባቢው ይጠፋዋል። ሁለት ሦስት ድርጊት ከተናገራችሁ በኋላ አራት ነጥብ አድርጉ። ከዚያም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ መታረም ያለበት ነው።

ሦስተኛ፣ የጻፋችሁትን አንድ ሌሊት አሳድሩት። በማግስቱ ቢወጣ ትርጉም የማይጎድለውን ቃል ሁሉ ሰርዙ።

አራተኛ፣ የጎረቤት ምሥጢር አደራ ነው። ስምና ቦታ ለውጡ። ጽሑፉ በሰው ላይ ችግር የሚያመጣ ከሆነ ለማንም አታሳዩት።

«ጊዜው አለፈብኝ» አትበሉ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በወጣትነታቸው በጣሊያን ጦር ተማርከው በባዕድ አገር ለዓመታት ታስረዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም.፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ደብተር ይዞ ሲጠይቃችሁ «ያለፈው ምን ያደርግልሃል?» አትበሉት። የአያቱን ስም፣ የቀያችሁን ወንዝ፣ የመጣችሁበትን መንገድ ንገሩት። እዚህ የተወለደ ልጅ ያንን አገር የሚያውቀው ከእናንተ አፍ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።