ተጨማሪ መረጃ፦ በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ኦቭን
የኦቭን አውቶማቲክ ሰዓት ቆጣሪ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ምግቡ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚበስልና በስንት ሰዓት እንደሚደርስ። መነሻውን ራሱ ያሰላል።

ጉለሌ ውስጥ ድፎ ዳቦ ለምሽቱ 12:00 እንዲደርስ የሚፈልግ ሰው፣ ኦቭኑ በ24 ሰዓት አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ 18:00 ብሎ ይሞላል። የመጋገሪያው ጊዜ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ቢሆን ኦቭኑ በ16:50፣ ማለትም ከቀኑ 10:50 ይበራል። ሊጡ እስከዚያ ኩፍ ማለቱን ስለሚቀጥል ጥበቃው አይርዘም።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የብዙ ኦቭኖች ሰዓት 0:00 እያለ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የተሞላው ትእዛዝም ይሰረዛል። አንዳንዶቹ ሰዓቱ እስኪስተካከል ጭራሽ አይሞቁም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ።

ጥንቃቄ፦ ጥሬ ሥጋ ወይም ወተት ያለበት ምግብ ባልሞቀ ኦቭን ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ባክቴሪያ ይራባበታል።