ነዳጅ ሲወደድ፣ ካርታ ሲከዳ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በአሜሪካ የአንድ ጋሎን ቤንዚን አማካይ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ5 ዶላር አለፈ። በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲና ኡበር ለሚነዳው ሐበሻ ይህ የዜና ሳይሆን የዕለት ገቢ ጉዳይ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚመዘዙት ብልሃቶች ብዙዎቹ ሂሳብ አይችሉም። ሂሳቡን ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚማሩት ፖከር ተጫዋቾች ናቸው፤ ለመቆየት ስንት እከፍላለሁ፣ ባሸንፍ ስንት አገኛለሁ፣ የማሸነፍ ዕድሌስ ምን ያህል ነው? (ካዚኖ ግቡ ማለቴ አይደለም። ቤቱ ማንም ቢያሸንፍ ድርሻውን ይቆርጣል።)

ተረት፦ ርካሽ ማደያ ድረስ መሄድ ያተርፋል።

በጋሎን 10 ሳንቲም የሚረክስ ማደያ ደርሶ መልስ 10 ማይል ይርቃል እንበል። 15 ጋሎን የቀዳ ሰው 1 ዶላር ከ50 ያተርፋል። መኪናው በጋሎን 25 ማይል የሚሄድ ከሆነ፣ ጋሎኑ በ5 ዶላር ሲታሰብ አንድ ማይል 20 ሳንቲም ይበላል። መንገዱ 2 ዶላር ፈጀ፤ 50 ሳንቲም ከሰረ ማለት ነው። ጎማና ዘይት ገና አልተቆጠሩም። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ለሥራ ለሚነዳ መኪና በማይል የሚታሰበውን ወጪ ከ58.5 ወደ 62.5 ሳንቲም ሲያሳድግ፣ የመኪናውን እርጅና፣ ጥገናውንና ኢንሹራንሱን ጭምር ቆጥሮ ነው። በዚያ ልክ 10 ማይል 6 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይመጣል። ኢንሹራንሱ ቢነዳም ባይነዳም ስለሚከፈል፣ እውነተኛው ወጪ ከሁለቱ መሐል ይውላል። ማደያው ሰው ለማውረድ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ከሆነ ግን ጥያቄም የለው፣ ይቅዱ።

ተረት፦ በጋሎን ከ30 ወደ 40 ማይል የተሻሻለ መኪና ከ12 ወደ 15 ከተሻሻለው ይበልጥ ያድናል።

ዓይን 10 ከ3 እንደሚበልጥ ያያል። በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ግን የመጀመሪያው ከ400 ጋሎን ወደ 300 ይወርዳል፤ ሁለተኛው ከ1,000 ወደ 800። ከቤተሰቡ ሁለት መኪና ቀድሞ መለወጥ ያለበት በላተኛው ነው፣ በትንሹም ቢሆን የሚሻል ከተገኘ።

በጠዋት የተቀዳ ቤንዚን ይበረክታል የሚለው ብዙ አያቆይም። የማደያው ታንከር ከመሬት በታች ስለተቀበረ የነዳጁ ሙቀት በጠዋትና በቀትር መካከል እምብዛም አይለዋወጥም።

ተረት፦ እዚህ ድረስ ከፍዬ አሁን አልተውም።

ፖከር ጠረጴዛ ላይ ብዙ ኪስ ያራቆተው ይህ ነው። ቴክሳስ ሆልደም ላይ አራት ልብ ይዘዋል እንበል፤ አምስተኛ ልብ ከመጣ ያሸንፋሉ፣ የቀረው አንድ ካርታ ነው። ካላዩአቸው 46 ካርታዎች ልብ የሆኑት 9 ናቸው፤ ዕድልዎ 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። መሐል ላይ 100 ዶላር ተቆልሏል፣ ባላጋራዎ 50 ጨመረ። 150 ለማግኘት 50 መክፈል የሚያዋጣው ዕድሉ ቢያንስ 25 በመቶ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ካርታዎን ይጥላሉ። የጨመረው 20 ብቻ ቢሆን ኖሮ ከ15 በመቶ ያነሰ ዕድል ይበቃ ስለነበር መክፈሉ ልክ ነው። ከመሐሉ 100 ዶላር ውስጥ ስንቱ ከእርስዎ ኪስ እንደወጣ ግን ስሌቱ አይጠይቅም።

ያረጀ መኪና ላይ ስንት እንዳፈሰሰ እያሰላ ሌላ ጥገና የሚጨምር ሰውም ያንኑ ይጫወታል። ጥያቄው የሚቀጥለው 800 ዶላር ስንት ወር ያስኬዳል የሚለው ነው።

ተረት፦ ከተበላሁ ተሳስቼ ነው።

ሁለት አስ ከሁለት ንጉሥ ጋር ሲገጥም 82 በመቶ ገደማ ያሸንፋል። ከአምስት ጊዜ አንዴ ሊጠጋ ይበላል ማለት ነው፤ የተበላው ሰው ግን ጨዋታው ትክክል ነበር። በተቃራኒው፣ በሰኔ «ይወርዳል» ብሎ በሩብ ታንክ የቆየ ሾፌር፣ በነሐሴ አማካዩ ከ4 ዶላር በታች ሲገባ «ብዬ ነበር» ማለቱ ዘዴውን አያጸድቀውም። ዋጋው በማግስቱ 5 ሳንቲም ቢወርድ እንኳ በ11 ጋሎን የሚያተርፈው 55 ሳንቲም ነው። ነዳጁ አያደርስም ብሎ ያለፈው አንድ የደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይከፍል ነበር።