ፈተናው ከሥራው ሲርቅ

ቀጣሪ አመልካቾችን ከመቅጠሩ በፊት ችሎታቸውን በፈተና ቢመዝን ሕግ አይከለክለውም። የሚያስጠይቀው የፈተነው ነገር ነው።

ለዚህ መሠረት የጣለው ክርክር የተነሣው በአሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ነው። ዱክ ፓወር የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ በአንድ ማመንጫ ጣቢያው ጥቁሮችን የሚቀጥረው በጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ነበር፤ የዚያ ክፍል ትልቁ ደመወዝ ከሌሎቹ ክፍሎች ትንሹ ደመወዝ ያንሳል። በሥራ ቅጥር በዘር ማግለልን የከለከለው ሕግ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1965 ሥራ ላይ ሲውል፣ ኩባንያው በዚያው ዕለት ወደ ተሻሉት ክፍሎች ለሚገቡ አዲስ ተቀጣሪዎች ሁለት የጽሑፍ ፈተናዎች አወጣ። ፈተናው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የሚወድቁት ግን በብዛት ጥቁሮች ሆኑ። ፈተናውን ሳይወስዱ፣ ሁለተኛ ደረጃንም ሳይጨርሱ የገቡ ነባር ነጮች ደግሞ ሥራቸውን በሚገባ ይሠሩ ነበር። ታዲያ ፈተናው የለካው ምንድን ነው? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 በ8 ለ0 ድምፅ ወሰነ፦ የቀጣሪው ቅን ልቦና ብቻውን አይበቃም፤ እንዲህ ያለ ፈተና ከሥራው ጋር እንደሚገናኝ የማስረዳት ሸክም የቀጣሪው ነው።

ውሳኔው ፍትሐዊ ብቻ ሳይሆን በኢኮኖሚም ትክክል ነው። ቀጣሪ ስለ አመልካቹ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ዲግሪ ደግሞ ብዙ አይነግረውም። የሒሳብ ሠራተኛ የባንክ ሒሳብ እንዲያስታርቅ፣ በያጅ አንዲት መጋጠሚያ እንዲበይድ ማድረግ በርካሽ እውነቱን ያሳያል። ከሥራው የራቀ ፈተና ግን ጎበዙን ሠራተኛ ለተፎካካሪ ድርጅት ያስረክባል።

በእኛም አገር ይኸው ሐሳብ በሕግ ሰፍሯል፤ ብዙ ቀጣሪዎች ግን የሚያስታውሱት አይመስለኝም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኛ ሥራ ፈላጊን እኩል ዕድል የሚያጣብብ የመምረጫ መስፈርትን እንደ አድልዎ ይቆጥረዋል። ማየት የተሳነውን አመልካች በወረቀት ፈተና ብቻ መጣል እንግዲህ ተራ የአሠራር ጉድለት አይደለም።

ሌላው የሚያሳስበኝ «ፈተና ነው» እየተባለ ለቀናት በነጻ የሚሠራው ሥራ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጽሑፍ ስምምነት እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ፈቅዷል፤ በሙከራ ላይ ያለው ሰውም ደመወዝ ያለው ሠራተኛ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዎች ሆይ፣ ቀጣዩን ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት የፈተናውን ጥያቄዎች ከሥራ ዝርዝሩ ጋር አስተያዩ፤ የማይገናኘውን ሰርዙ፤ ላሠራችሁት ቀንም ክፈሉ።